የክረምት ፍሬን፦ ርካሽና ውሃ ላይ የሚይዝ የሳይክል ሸራ አመራረጥ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች ርቀት 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። በበጋ ደህና ሸራ ያለው ሳይክል ሐረጎን፣ በመንገዱ ላይ ያለውን ጥምዝምዝ ቁልቁለት፣ ያለ ጭንቀት ያወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ጉሙ የቶሳን ተራራ ሸፍኖ አስፋልቱ ሲረጥብ ግን ያው ሳይክል፣ ያው ሸራ፣ እጀታው መሪው ድረስ ቢጨበጥ እንኳ አልቆም ይላል። ብዙ ሰው ወዲያው «ሸራው አልቋል» ብሎ አዲስ ገዝቶ ያስገጥማል፤ በማግስቱ ዝናብ ሲመጣ ያው ነው። ፍሬን የሚይዘው ሸራውና ቸርኬው (ጎማው የሚቀመጥበት ክብ) ተገናኝተው ነው። ስለዚህ በትንሽ ገንዘብ ደህና ሸራ መግዛት የሚፈልግ ሰው ሱቅ ከመሄዱ በፊት ቸርኬውን ይይ።

(ሸራ የምንለው ፍሬን ሲያዝ ቸርኬውን የሚጫነውን ላስቲክ ነው፤ አንዳንዱ «የፍሬን ጎማ» ይለዋል። እዚህ ከውጪው ጎማ ጋር እንዳይምታታ «ሸራ» እንላለን።)

መጀመሪያ ማግኔት

ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይበቃል። የቸርኬው ጎን ላይ፣ ሸራው የሚነካበት ቦታ፣ አስጠጉት። ከተጣበቀ ቸርኬው ብረት ነው፤ ብዙ ጊዜም ክሮም የተቀባ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ሰው «ኒኬል» የሚለው ዓይነት። ካልተጣበቀ አሉሚኒየም ነው፤ መልኩ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ሲሆን በነጭ ጨርቅ ስታሹት ጥቁር ይለቃል።

ልዩነቱ በበጋ ብዙም አይታይም፤ በክረምት ግን የሞትና የሕይወት ያህል ነው። ክሮም ልሙጥ ስለሆነ በላዩ ያለው ስስ ውሃ የሚሄድበት ቦታ የለውም፤ ሸራው ቸርኬውን ሳይነካ በውሃው ላይ ይንሸራተታል። ተራ ጥቁር ሸራ በእርጥብ ክሮም ላይ የሚይዘው በደረቅ ጊዜ ከሚይዘው አንድ አሥረኛ እስኪሆን ድረስ ሊወርድ ይችላል። ውሃው ተጠርጎ መያዝ እስኪጀምርም ጎማው እስከ 30 ዙር ሊዞር ይችላል። የ26 ኢንች ጎማ አንድ ዙር ሁለት ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ 30 ዙር ማለት እጀታውን ጨብጣችሁ 60 ሜትር መሄድ ማለት ነው። በሐረጎ ጥምዝምዝ ላይ መታጠፊያው ከዚያ በፊት ሊደርስ ይችላል። አሉሚኒየምም ሲረጥብ ይደክማል፤ ነገር ግን ፊቱ ትንሽ ሸካራ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይጠረጋል፣ ለስላሳ ሸራም ይነክሰዋል።

ስለዚህ ማግኔቱ ከተጣበቀ ገንዘባችሁን በሸራ ላይ አታባክኑ። ሸራን በሸራ እየቀያየራችሁ በሦስት ክረምት የምታወጡት ገንዘብ ተጠራቅሞ ለፊተኛው እግር አንድ ያገለገለ የአሉሚኒየም ጎማ ከነቸርኬው ቢገዛ ይሻላል። ቸርኬውን ብቻ ለማስቀየር ከፈለጋችሁ ሦስት ነገር ይታይ፦ የራጂ፣ ማለትም የጎማው ሽቦ፣ ቀዳዳው ቁጥር (36 ወይም 32፣ ከነባሩ ጋር መግጠም አለበት)፣ የጎማው ልክ፣ የቸርኬው ጥልቀት። የአሉሚኒየም ቸርኬ ብዙ ጊዜ ከብረቱ ጠለቅ ስለሚል የድሮው ራጂ ረዝሞ ካላማዳሪውን ሊወጋ ይችላል። ሙሉውን ጎማ መግዛት የሚቀለው በዚህ የተነሳ ነው። በልክም ተጠንቀቁ፤ የድሮው ባለ 26 ኢንች የመንገድ ሳይክልና የማውንቴን ሳይክሉ 26 ኢንች ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ልካቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው የቸርኬ ልክ 590 ሚሊ ሜትር፣ የሁለተኛው 559 ነው። ቁጥሩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ አንብቡት።

ቸርኬ መቀየር ካልተቻለ ለክሮም ተብሎ የተሠራ፣ ፊቱ ላይ ቆዳ ያለበት ሸራ አለ። እርጥብ ክሮምን ከላስቲክ ይበልጥ ይይዛል። ከተገኘ ለክሮም ብቻ ይሁን፣ ለአሉሚኒየም አይሆንም። በተራ ሸራ ላይ ቆዳ በሙጫ መለጠፍ ግን ፈጽሞ አይሞከር፤ ሙጫው በውሃና በሙቀት ለቆ ቆዳው ቁልቁለት መሃል ላይ ሊወድቅ ይችላል። በገመድ ፋንታ በዘንግ የሚጎተተው የጥንቱ ፍሬን ያለበት ሳይክል ደግሞ የቸርኬውን ጎን ሳይሆን የውስጠኛውን ጠርዝ ነው የሚጫነው። ሸራው ሌላ ነው፣ የአሉሚኒየም ቸርኬም አይገጥምለትም፤ ለኮምቦልቻ ሜዳ ያገለግላል፣ በዝናብ ለሐረጎ አይሆንም።

አንዱን ሸራ በእጅ ይዞ ማየት

ከዚህ በኋላ ያለው ለአሉሚኒየም ነው። ሻጩ ፊት ሸራውን ከፕላስቲኩ አስወጥታችሁ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ፊቱ ላይ ተጫኑ። ደህና የውሃ ሸራ በጥቂቱ ይገባና ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ የጥፍሩ ምልክት ለአፍታ ይታያል። እንደ ፕላስቲክ «ቀጭ» የሚል፣ ምልክት የማይቀበል ከሆነ ደረቅ ነው፤ ቶሎ አያልቅም፣ በክረምት ግን አይይዝም። ሻጩ «ይሄ ሁለት ዓመት ይሄዳል» ብሎ የሚያሞግሰው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ያልዋሸበት ነገር አለ፤ ሁለት ዓመት የሚሄደው ስለማይነክስ ነው።

ቀጥሎ ጫፉን ይዛችሁ ትንሽ አጥፉት። የላስቲኩ ፊት ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከታየ መደርደሪያ ላይ አርጅቷል። ላስቲክ ሳይነካም በፀሐይና በጊዜ ይደርቃል፤ መስኮት ላይ ተሰቅሎ የከረመ ሸራ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ከካርቶን ውስጥ የወጣውን ጠይቁ። ከዚያ ጠርዙን በሲሚንቶ ላይ ሁለት ጊዜ ፈተግ አድርጉት፤ ጥሩው እንደ እርሳስ ማጥፊያ ትንንሽ ፍርፋሪ ይተዋል፣ መጥፎው ፊቱ ያበራል።

ስለ ቀለም። የዝገት ወይም የሸክላ ቀለም ያለው ሸራ ለውሃ ነው ይባላል፤ መነሻውም እውነት ነው። ኩል ስቶፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ሳልሞን ቀለም ሸራ ውስጥ የብረት ዝገት አለበት፣ በዝናብም ከጥቁሩ ይበልጥ ይይዛል። ለአሉሚኒየም ቸርኬ በክረምት ከዚህ የተሻለ ርካሽ መፍትሔ ብዙ የለም። ችግሩ ቀለምን ማንም ሊቀባ መቻሉ ነው። ደረቅ ላስቲክ ቀይ ተቀብቶ «የውሃ» ተብሎ ይሸጣል፤ ስለዚህ የጥፍሩን ፈተና ለቀዩም አድርጉ። በአንድ ሸራ ላይ ጥቁርና ቀይ የተቀላቀለበት አለ፤ እሱ መካከለኛ ነው፣ ለደሴ የበጋ ደረቅና የክረምት ጭቃ አንድ ጥንድ ብቻ ለሚገዛ ሰው ይስማማል። የሺማኖ፣ የታወቀው የጃፓን የሳይክል ዕቃ ኩባንያ፣ ስም ያለበትም ሁሉ የሺማኖ አይደለም፤ ጽሑፉ ላስቲኩ ላይ በቅርጽ የወጣ እንጂ በቀለም የተቀባ ብቻ ከሆነ ተጠራጠሩ። እውነተኛውን እዚህ ካጣችሁ፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከዐረብ አገር ለሚመጣ ዘመድ ማስጨነቅ አይሆንም፤ አንድ ጥንድ ኪስ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዕቃ ነው። ዓይነቱን በትክክል ጽፋችሁ የድሮውን ሸራ ፎቶ ላኩለት።

ፊቱ ላይ ያለው ጥርስ፣ ማለትም ውሃና ጭቃ የሚያወጣው ቦይ፣ ጥልቅ ይሁን። እስከ ሸራው ግማሽ የሚወርድ ቦይ ካለው ሸራው እያለቀም ውሃ ያወጣል፤ ላዩ ላይ ብቻ የተጫረው ግን በሁለት ሳምንት ጭቃ ይጠፋል።

የትኛው ይገጥማል

አብዛኛው የማውንቴን ሳይክል ቪ ፍሬን ነው፦ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ግራና ቀኝ ቆመው ገመዱ ከላይ በአግድም ያገናኛቸዋል። የዚህ ሸራ 70 ሚሊ ያህል ይረዝማል፤ ከጀርባው ጥርስ ያለው 6 ሚሊ ብሎን ይወጣል፣ በሁለቱም በኩል ጎድጓዳና ድብልብል ሮንዴላዎች (ብሎኑ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች) አሉት። ከላይ በአንድ ብሎን ተንጠልጥሎ ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚቆነጥጠው ደግሞ አጠር ያለ፣ 50 ወይም 55 ሚሊ ሸራ ይወስዳል። የድሮ ካንቲሊቨር ፍሬን (ሁለቱን ክንዶች ከመሃል ያለ ገመድ ወደ ላይ የሚስባቸው) ካላችሁ የሸራው ዘንግ ጥርስ የሌለው ልሙጥ ነው፤ የቪ ፍሬን ሸራ አይገባለትም።

ስለዚህ ለሻጭ «የሳይክል ሸራ ስጠኝ» ብቻ አትበሉ። «ጋሼ፣ የቪ ፍሬን፣ ባለ ጥርስ ብሎን፣ ከነሙሉ ሮንዴላው» በሉ፤ ቢቻል የድሮውን ፈታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሮንዴላ የጎደለውን በምንም ዋጋ አትውሰዱ። ሸራው ወደ ቸርኬው እንዲዞር የሚያደርጉት እነዚያ ጎድጓዳ ሮንዴላዎች ናቸው፤ ከሌሉ ሸራው ወይ ጎማውን ይበላል ወይ ይጮኻል።

ላስቲኩ ለብቻው ወጥቶ የሚቀየርበት፣ የብረት መያዣ ያለው ዓይነትም አለ። ጥሩ ነው፤ ግን ላስቲኩን ለብቻው የሚሸጥ ሰው በአካባቢያችሁ ከሌለ አያዋጣም፤ ካለቀ በኋላ መያዣውንም መጣል ይመጣል። ከገዛችሁት የመያዣው ዝግ ጫፍ ወደ ፊት፣ ቸርኬው ወደሚሽከረከርበት አቅጣጫ ይሁን። ተገልብጦ ከገባ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ላስቲኩ ወደ ክፍቱ ጫፍ ይገፋና ተንሸራትቶ ይወጣል። ከዚያ ብረት በብረት ነው።

ገንዘቡ ለአንድ ጥንድ ብቻ ከበቃ ጥሩው ለፊተኛው ጎማ ይሁን። ሲቆም ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው፤ የኋላው ቀድሞ ይንሸራተታል። የፊቱ የነበረው ሸራ ደህና ከሆነ ወደ ኋላ ይወሰድ።

ከመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ ሸራ ነፃ መስሎ ይታያል። ጎማው ውስጥ ያለው የብረት ክር ግን አሉሚኒየሙን ይፍቃል፤ ላስቲኩም ለመንገድ እንጂ ለፍሬን የተሠራ አይደለም። የሞተር ሳይክል ሸራ ቆርጦ ማስገባት ከዚያ ይብሳል፤ የአሉሚኒየም ቸርኬ በአንድ ክረምት ይጨርሳል። ሸራ ተቆጥቦ ቸርኬ ይገዛል ማለት ነው።

አገጣጠም

5 ሚሊ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ (ርካሾቹ ላይ 10 ቁልፍ)፣ ትንሽ ካቻቢቴ፣ 1 ሚሊ ያህል ውፍረት ያለው የካርቶን ቁራጭና ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል።

1. የገመዱን የታጠፈ ቱቦ ከላይ አላቁና ክንዶቹን ክፈቱ። የድሮውን ሸራ ስትፈቱ የሮንዴላዎቹን ተራ በስልክ ፎቶ አንሱ።
2. ቸርኬውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ ከዚያ በአልኮል በነከረ ንጹሕ ጨርቅ ዙሪያውን አሹ። ቸርኬው ብዙ ጥቁር መልቀቁን እስኪያቆም ድረስ ቀጥሉ። አሉሚኒየሙ ላይ የተጋገረ ጥቁር ላስቲክ ካለ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ ጥረጉት። ክሮም ከሆነ የብርጭቆ ወረቀት አይነካው፤ ክሮሙ ተልጦ ይዝጋል።
3. ወፍራሙ ጥንድ ሮንዴላ በአንድ በኩል፣ ቀጭኑ በሌላው ይሆናል። ክንዶቹ ሸራው ሲነካ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ የሚያደርገውን አቀማመጥ ምረጡ፤ ቸርኬው ቀጭን ከሆነ ወፍራሙን ወደ ውስጥ አድርጉ።
4. «ግራ»፣ «ቀኝ» ወይም የቀስት ምልክት ካለው ቀስቱ ወደ ፊት ይሁን።
5. ሸራው ከቸርኬው የላይ ጠርዝ 1 ሚሊ ዝቅ ይበል። ከፍ ካለ የጎማውን ጎን ይበላና ያፈነዳዋል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ሲያልቅ ከቸርኬው በታች አምልጦ ራጂ ውስጥ ይገባል።
6. ካርቶኑን ከሸራው የኋላ ጫፍ ስር አስገቡ፣ እጀታውን በአንድ እጅ ጨብጣችሁ ብሎኑን አጥብቁ። ካርቶኑ ሲወጣ የፊቱ ጫፍ ቀድሞ ይነካል፤ ጩኸቱ ይቀራል። ሲጠበቅ ሸራው አብሮ መዞር ይወዳልና እንዳይዞር ተጠንቀቁ።
7. በሁለቱም በኩል ከቸርኬው 1 ሚሊ እስከ 1.5 ሚሊ ክፍተት ይተው። አንዱ ወገን ብቻ ከነካ በክንዱ ስር ያለችውን ትንሽ ብሎን አዙሩ፤ ወደ ቀኝ ስትዞር ያ ክንድ ከቸርኬው ይርቃል።

እጀታው በሙሉ ኃይል ሲጨበጥ ከመሪው ጋር መነካካት የለበትም። ከነካ ገመዱ ላይ ያለችውን የማስተካከያ ዳዶ ወደ ግራ ፍቱ፣ ገመዱ ይወጠራል። በዚያ ካልተስተካከለ ገመዱን ከማሰሪያው ፈትቶ መሳብ ነው። ገመዱ ራሱ ቱቦው ውስጥ ዝጎ የሚንቀራፈፍ ከሆነ የትኛውም ሸራ አያድናችሁም፤ የአዲስ ገመድ ዋጋ ከሸራ አይበልጥም።

ዘይት፣ ናፍጣና ዋልካ

አዲስ ሸራ በአንድ ቀን ከሚያበላሹት ነገሮች ዋናው ለሰንሰለት ተብሎ የሚፈስ የተቃጠለ ዘይት ነው። ሰንሰለቱ ሲዞር ይረጫል፣ የኋላ ቸርኬ ላይ ያርፋል፣ ሸራው ይጠጣዋል። ዘይት የጠጣ ላስቲክ በሳሙና አይመለስም፤ ፊቱን በሞረድ አንድ ሚሊ ያህል ማንሳት ይሞከራል፣ ካልሆነ ይጣላል። ሰንሰለት ላይ በየመጋጠሚያው አንድ ጠብታ አድርጉና ትርፉን በጨርቅ አድርቁ። ሳይክልን በናፍጣ ወይም በላምባ ማጠብም እንደዚያው ነው፤ ብረቱን ያጸዳል፣ ላስቲኩን ያሳብጣል፣ ቸርኬው ላይ ቅባት ይተዋል።

ከገጠር መንገድ ዋልካ ይዛችሁ ስትመለሱ ጭቃው ቸርኬው ላይ ሳይደርቅ በውሃ አንቆርቁሩት። ዝናብ፣ አሸዋና የአሉሚኒየም ብናኝ ሲቀላቀሉ ግራጫ ጭቃ ይሆናሉ፤ ያ ጭቃ ሸራውንም ቸርኬውንም እንደ ሞረድ ይበላል። «ሽርር» የሚል የመፋቅ ድምፅ ከሰማችሁ በዚያኑ ቀን ጎማውን አውጥታችሁ የሸራውን ፊት ወደ ብርሃን አዙሩት። በላስቲኩ ውስጥ የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ቅንጣቶች ታያላችሁ። በወስፌ ጫፍ አንድ በአንድ ነቅላችሁ አውጧቸው፣ ከዚያ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አሹት። አንዷ ቅንጣት ከቀረች ቸርኬውን እየፋቀች ሌላ ቅንጣት ታበዛለች።

በክረምት በየሳምንቱ፣ በበጋ በወር አንዴ ሸራውን እዩ። የጥርሱ ቦይ ከጠፋ ይቀየር። ቸርኬውም ያልቃል፦ የማስመሪያ ጠርዝ በጎኑ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ስትይዙ መሃሉ ጎድጉዶ ብርሃን ካሳለፈ፣ ወይም ጎኑ ላይ የነበረችው የልክ ጭረት ወይም ነጥብ ከጠፋች፣ ግድግዳው ሳስቷል። የተነፋ ጎማ ከውስጥ ስለሚገፋው ፍሬን ሲያዝ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ወሎ በልግም ስላለው ሸራ ለመቀየር ሰኔን አትጠብቁ። የየካቲትና የመጋቢት ዝናብ አዲሱን ሸራ ለመፈተን ከክረምቱ ይሻላል፤ በመሃል ደረቅ ቀን ይኖራል።

ከመውረድ በፊት

አዲስ ሸራ ፊቱ ከቸርኬው ጋር እስኪላመድ ድረስ በሙሉ ኃይሉ አይይዝም። ሜዳ ላይ ደህና ፍጥነት ይዛችሁ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ 20 ጊዜ ያህል እየጠበቀ በሚሄድ ፍሬን አቀዝቅዙ።

ከዚያ ፈተናው እንዲህ ነው። መኪና የማያልፍበት ጠፍጣፋ መንገድ ላይ ድንጋይ አስቀምጡ። በመጠነኛ ፍጥነት መጥታችሁ ድንጋዩ ጋ ስትደርሱ ሁለቱንም ፍሬን ያዙ፤ ከድንጋዩ እስከ ቆማችሁበት በእርምጃ ቁጠሩ። ቀጥሎ ግማሽ ሊትር ውሃ በሁለቱም ቸርኬ ግራና ቀኝ አፍስሱና በዚያው ፍጥነት ድገሙት። እርጥቡ ከደረቁ መርዘሙ አይቀርም። ከእጥፍ ከበለጠ ግን ቸርኬው ላይ ቅባት ቀርቷል ወይም ሸራው ደረቅ ነው፤ በአልኮል አሹት፣ የሸራውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አንሱና እንደገና ቁጠሩ። አሁንም ካልቀነሰ ሐረጎን አትውረዱበት፤ ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ ጭናችሁ ውረዱና ሸራውን ለሻጩ መልሱ።

ፈተናውን ያለፈ ሳይክልም በዝናብ ሲወርድ የራሱ አያያዝ አለው። መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት ሁለቱንም ሸራ ቀለል አድርጋችሁ ቸርኬው ላይ አስነኩና ውሃው ይጠረግ፤ የያዘ ሲመስላችሁ ጨብጡ። ውሃው አሥር ዙር ብቻ ቢፈልግ እንኳ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ላይ 20 ሜትር ማለት ነው፤ በዓይን ሲታይ ሁለት ሰከንድ ተኩል አይሞላም። ጥምዝምዙ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ የፊቱን ፍሬን በድንገት አትያዙ። ኮብልስቶን ላይ፣ ዝናቡ ገና ሲጀምር ደግሞ አቧራውና ዘይቱ ተቀላቅሎ ድንጋዩ እንደ ሳሙና ስለሚሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ወርዳችሁ ግፉት።